ለአንድ ፀጉር አምስት ምላጭ? ወደ ብረቱ መላጫ እንመለስ!



ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። ከዚህ በመቀጠል፦

"ደግሞ ስለ ምላጭም ይጻፋል እንዴ?" የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። አዎ፣ ይጻፋል! በሙስሊም ሐዲስ ስብስብ ውስጥ እንደተዘገበው፣ ሙሽሪኮች ሰልማን አል-ፋሪሲን (ረ.ዐ) "ነቢያችሁ የመጸዳጃ ሥርዓትን እንኳ ሳይቀር ያስተምሯችኋል" በሚል አነጋገር ሊያሸማቅቁት ሞከሩ። እሱ ግን አላፈረም። አዎን ብሎ የተማረውን አንድ በአንድ ዘረዘረላቸው። ጥፍር ስለ መቁረጥና ብብት ስለ ማጽዳት ያስተማረ ዲን ላለው ሕዝብ፣ በምን እንደሚላጭ መነጋገር ነውር ሊሆን አይችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማ የሚኖረው ወጣታችን ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። መላጫ ማለት እጀታው ፕላስቲክ፣ ጭንቅላቱ ተነቅሎ የሚቀየር፣ ሦስትና አምስት ምላጭ የተደረደረበት፣ ካርትሪጅ የሚሉት ነገር ነው ብሎ አምኗል። በየሱቁ የሚሸጠውን ስስ ምላጭ የሚያስገቡበትን የብረት መላጫ ደግሞ "የሽማግሌ ዕቃ" ብሎ ጥሎታል።

የእኛ አቋም ግልጽ ነው። ይህ ባለ ብዙ ምላጭ መላጫ ገንዘባችንን ይበላል። ለእኛ ዓይነት ፀጉር አይስማማም። ውድ ስለሆነ ደግሞ ቶሎ አንጥለውም፤ አንዱ ላንዱ ያውሰዋል። ትልቁ አደጋም ያለው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ባለ አንድ ምላጩ የብረት መላጫ እንመለስ እንላለን። ምክንያታችንን አንድ በአንድ እናስቀምጣለን።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ማሳሰቢያ! ጽሑፋችን ጺምን ስለ መላጨት አይደለም። ጺምን ስለ ማሳደግ የመጣው ትእዛዝ የታወቀ ነው፤ እዚህ ላይ የምንከፍተው ክርክር የለም። የምናወራው ራሱን ስለሚላጭ፣ አንገቱ ሥር ያለውን ስለሚያጸዳ፣ በተለይም ደግሞ ማንኛችንም ከማንቀርበት የሰውነት ንጽሕና ነው። የጉንጭ ፀጉር ከጺም ይቆጠራል አይቆጠርም የሚለውን በየአካባቢያችሁ ያሉ ዑለማዎችን ጠይቁ።

▪️ 1. መላጫ በዲናችን ውስጥ ቦታ አለው

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት፣ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ከፊጥራ ናቸው ብለው ከቆጠሯቸው ነገሮች መካከል ግርዛት፣ የኀፍረተ ሥጋ አካባቢን ፀጉር ማስወገድ፣ ሪዝን ማሳጠር፣ ጥፍርን መቁረጥና የብብትን ፀጉር መንቀል ይገኙበታል። ሁለተኛው በዐረብኛ "ኢስቲሕዳድ" ይባላል። ቃሉ የመጣው "ሐዲድ" ከሚለው ነው፤ ሐዲድ ማለት ብረት ነው። ስለዚህ ተግባሩ ስሙን ያገኘው ከብረቱ፣ ከምላጩ ነው ማለት ነው።

የጊዜ ገደብም አለው። አነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ፣ እነዚህን ነገሮች ከ40 ቀን በላይ እንዳንተዋቸው ተወስኖልናል። 40 ቀን የመጨረሻው ጣሪያ ነው እንጂ መደበኛው ቀጠሮ አይደለም።

ሰሓባዎች ይህን ጉዳይ እንዴት እንደያዙት ማወቅ የሚፈልግ የኹበይብ ኢብኑ ዐዲይን (ረ.ዐ) ታሪክ ያንብብ። በቡኻሪ ውስጥ ተዘግቧል። ኹበይብ ተማርኮ መካ ላይ ተሸጠ። የገዙት በበድር የተገደለባቸውን አባታቸውን ሊበቀሉ የሚፈልጉ የሐሪስ ልጆች ነበሩ። ሊገድሉት እንደተስማሙ ሲያውቅ ከቤቱ ሴቶች ለአንዷ መላጫ እንድታውሰው ጠየቃት። ለማምለጥ አልነበረም፤ ሰውነቱን አጽድቶ ጌታውን ለመገናኘት እንጂ። ሴትዮዋ ሳታስተውል ትንሽ ልጇ ወደ እስረኛው ሄደ። ዞር ብላ ስታይ ልጁ በኹበይብ ጭን ላይ ተቀምጧል፤ መላጫው በኹበይብ እጅ ነው። ደነገጠች። እሱም ድንጋጤዋን ከፊቷ አንብቦ ልጁን እንደማይነካው ነገራት። እሷም በኋላ ከእሱ የተሻለ ምርኮኛ ፈጽሞ አይቼ አላውቅም ስትል መስክራለች። ከዚያም ዛሬ ለዑምራ የሚሄዱ ወንድሞቻችን ኢሕራም በሚያደርጉበት በተንዒም ገደሉት። አላህ ይውደደው።

ወንድሞች! ሞቱን የሚጠብቅ እስረኛ ከጠላቱ ቤት መላጫ ተውሶ ፊጥራውን ፈጸመ። እኛ ታዲያ በሰላም ቤታችን ተቀምጠን "ካርትሪጅ አልቆብኝ ነው፣ ተወዷል" እያልን 40 ቀን ስናሳልፍ ምን ሊባል ነው? ሱንና የመፈጸሚያው ዕቃ ውድ ሲሆን ሱንናው ይዘገያል። ርካሽና ሁልጊዜ እጅ ላይ ያለ ሲሆን ደግሞ በጊዜው ይፈጸማል። የምላጩ ጉዳይ የዲን ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ብብትን በተመለከተ ሱንናው መንቀል ነው። ሕመሙን መቋቋም ያቃተው ግን ቢላጭ ችግር የለውም። ኢማሙ ነወዊ እንደጠቀሱት፣ የአብዛኞቻችን መዝሀብ ባለቤት ኢማሙ ሻፊዒይ ራሳቸው፣ ሱንናው መንቀል መሆኑን እያወቁ ሕመሙን ስላልቻሉት ብብታቸውን ይላጩ ነበር።

▪️ 2. አምስቱ ምላጭ ከየት መጣ?

ብዙ ወጣት የምላጭ ቁጥር የጨመረው ሳይንስ ስላዘዘ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ነው።

ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ በ1901 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) ኩባንያውን አቋቋመ። ሐሳቡ ሰው በየጊዜው የሚስለው ቢላ ሳይሆን፣ ሲደንዝ ጥሎ የሚቀይረው ስስ ምላጭ እንዲጠቀም ነበር። በ1903 ሽያጭ ሲጀምር በዓመቱ የሸጠው 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነው። በ1904 የፈጠራ መብቱ ተመዘገበለት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ ይህንኑ መላጫ በገፍ ገዛ። ወታደሩም ልማዱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

በ1921 ግን የፈጠራ መብቱ አበቃ። ከዚያ በኋላ ያን ዓይነት ምላጭ ማንም ሊያመርተው ቻለ። ዛሬ ግብፅ ውስጥ፣ እስክንድርያ ላይ "ሎርድ" ያመርተዋል። ፓኪስታን ውስጥ "ትሪት"፣ ቱርክ ውስጥ "ደርቢ" ያመርተዋል። ሕንድም፣ ሩሲያም፣ ጃፓንም ያመርቱታል። ሁሉም ምላጭ በሁሉም መላጫ ላይ ይገጥማል። ፋብሪካዎቹ በዋጋ ይፎካከራሉ፤ ተጠቃሚው ገዢው ነው።

ነጋዴ ደግሞ ይህን አይወድም። በዚህ ዓይነት ገበያ ትልቅ ትርፍ የለም። ስለዚህ ገዢውን አንድ ቦታ የሚያስር ነገር ተፈለገ። በ1971 ሁለት ምላጭ የተደረደረበት መላጫ ወጣ። የአንዱ ጭንቅላት ለሌላው እጀታ አይሆንም። በ1998 ሦስት ሆነ። በ2003 ተፎካካሪው ኩባንያ አራት ምላጭ ይዞ መጣ። በ2006 ደግሞ አምስት ደረሰ! በየጊዜው አዲስ የፈጠራ መብት፣ አዲስ ማስታወቂያ፣ አዲስ ዋጋ። እጀታውን በርካሽ ይሰጡሃል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜህን ሙሉ ጭንቅላቱን ከእነሱ ብቻ ትገዛለህ።

አበው "ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል" የሚሉት ለዚህ ነው። እኛ ንግድን አንቃወምም፤ ንግድ ሐላል ነው፣ ነጋዴም ማትረፍ መብቱ ነው። የምንቃወመው የእኛን ሞኝነት ነው። ሌላው ለትርፉ የፈጠረውን ቁጥር፣ እኛ የሥልጣኔ መለኪያ ማድረጋችን ነው።

▪️ 3. አንገታችን ሥር ያለው ቡግር

አሁን ወደ ቆዳችን እንምጣ። ስንት ወጣት ነው በተላጨ ማግሥት አንገቱ ሥር፣ ማጅራቱ ላይ፣ ብሽሽቱ አካባቢ በሚወጣ ቡግር የሚሠቃየው? ያሳክካል፣ ይቆስላል፣ መግል ይቋጥራል፣ በመጨረሻም ጥቁር ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል።

ሐኪሞች ፊት ላይ የሚወጣውን "ፕሴዶፎሊኩላይቲስ ባርቤ" ይሉታል። መንስኤው ቆሻሻ ወይም "ደም ብዛት" አይደለም። የተጠቀለለ ፀጉር ነው። የእኛ የአፍሪካውያን ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ጠመዝማዛ ነው፤ ከቆዳ ሥር ያለው መውጫውም ጎባጣ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ፀጉር ከቆዳ ወለል በታች ከተቆረጠ፣ ሲያድግ በሾለው ጫፉ ቆዳውን ከውስጥ ይወጋል። ወይም ወጥቶ ተጠቅልሎ መልሶ ይገባል። ሰውነት እንደ እሾህ ይቆጥረውና ያብጣል።

አሁን የባለ ብዙ ምላጩን አሠራር ተመልከቱ። የመጀመሪያው ምላጭ ፀጉሩን ይዞ ሳብ ያደርገዋል። ፀጉሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ሁለተኛው ይቆርጠዋል። ሦስተኛው ይደግመዋል። የቀረው ፀጉር ሲመለስ ከቆዳው ወለል በታች ይሰምጣል። "ልስልስ ያለ አላላጭ" ብለው የሚያስተዋውቁት ይህንኑ ነው። ፀጉሩ ቀጥ ያለ ሰው ላይጎዳው ይችላል። ለእኛ ግን በየሳምንቱ እሾህ እንደ መቅበር ነው! በዚያ ላይ አምስት ምላጭ ማለት በአንድ ጉተታ ቆዳህን አምስት ጊዜ መፋቅ ማለት ነው።

ባለ አንድ ምላጩ መላጫ ፀጉሩን በቆዳው ወለል ላይ ይቆርጠዋል እንጂ ስቦ ከሥር አይቆርጠውም። ለዚህም ነው በዚህ ችግር ለሚሠቃዩ ሰዎች አንድ ምላጭ ብቻ ያለው መላጫ የሚመከረው። መድኃኒት ነው፣ ቡግሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋል አንልም። ችግሩ የከፋበት ወንድም ጨርሶ እስከ ቆዳ አለመላጨት፣ በቶንዶስ ማሳጠር ይሻለዋል፤ ሐኪምም ይታይ።

የሚያሳዝነው ግን ወጣቱ የሚያደርገው ነው። መላጫውን ከመቀየር ይልቅ ጠባሳውን ለማጥፋት ቅባት ይገዛል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ስቴሮይድ ያለበትን ቅባት ፊቱ ላይ ይለቀልቃል። ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ሌላ ቡግር ይወጣበታል። አንዱን ችግር በገንዘቡ ገዝቶ ሌላውን ይመርቅበታል። "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች" ማለት ይህ ነው።

▪️ 4. ውድ ምላጭ ይከርማል፤ የከረመ ምላጭ ይዋሳል

ከሁሉ በላይ እንድታነቡልን የምንፈልገው ይህን ክፍል ነው።

የካርትሪጁ ጭንቅላት ውድ ስለሆነ ሰው ቶሎ አይጥለውም። ደንዝዞም፣ ዝጎም፣ በምላጮቹ መካከል ፀጉርና የቆዳ ፍቅፋቂ ተጠቅጥቆበትም ወራት ይቆያል። ከፍተህ አታጥበውም፤ አይከፈትማ! የባሰው ደግሞ መዋዋሱ ነው። በዩኒቨርሲቲ ዶርም፣ በተከራየነው ክፍል፣ በአንድ ቤት በሚኖሩ ወንድማማቾች መካከል "እስቲ መላጫህን" መባባል እንደ ሳሙና መዋዋስ ተለምዷል። ስለ ኤችአይቪ ስንሰማ ስላደግን ትንሽ የሚጠነቀቅ አለ። ስለ ሄፓታይተስ ቢ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በደም ይተላለፋል። ለዓይን የማይታይ የደም ጠብታ ይበቃዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቫይረሱ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት መቆየትና መበከል ይችላል። ጓደኛህ ባለፈው ጁሙዓ ተላጭቶበት ዛሬ የምታነሳው መላጫ ደርቋል ብለህ አትተማመን። ብዙ ሰው ቫይረሱን ይዞ ለዓመታት ምንም አይሰማውም፤ ዓይኑም ቢጫ አይሆንም። የሚያውቀው ጉበቱ ከተጎዳ በኋላ ይሆናል። ስለዚህ "ጓደኛዬ ጤነኛ ነው፣ አውቀዋለሁ" ማለት መከላከያ አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በሀገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት ሀገር ቤት የተወለድን ሰዎች በሕፃንነታችን አልተከተብንም ማለት ነው። ይህን ገጽ ከሚያነቡት ወጣቶች ብዙዎቹ በዚህ ውስጥ ናቸው! ጤና ተቋም ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ ነፃ ከሆናችሁ ክትባቱን ጠይቁ።

የብረቱ መላጫ እዚህ ላይ ነገሩን ያቀለዋል። ምላጩ ርካሽ ስለሆነ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ ምላጭ ይኖረዋል፤ "አውሰኝ" ላለህ ወንድም አዲስ ምላጭ በወረቀቱ እንዳለ ትሰጠዋለህ። ሰደቃም ይሆንልሃል። እጀታውን ግን አታውሰው፤ ሁሉም የየራሱ ይኑረው። ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) መጉዳትም ሆነ መጎዳዳት እንደሌለ አስተምረውናል። ይህ መርሕ ከዶርም መታጠቢያ ቤት በር ላይ አይቆምም።

ፀጉር ቤት ስትሄዱም እንዲሁ ነው። ፀጉር አስተካካዩ አዲስ ምላጭ ዓይናችሁ እያየ ከወረቀቱ ይፍታ። "ቅድም ነው የቀየርኩት" ቢል በአክብሮት "ወንድሜ፣ ሌላ ቀይርልኝ፣ እከፍላለሁ" በሉት። ምላጭ ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የበለጠ ነው። ሐጅ ላይ ሚና ውስጥ ራሳቸውን የሚላጩ ሑጃጆችም የራሳቸውን አዲስ ምላጭ እንዲጠቀሙ በጤና ባለሙያዎች የሚመከሩት በዚሁ ምክንያት ነው።

▪️ 5. ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት

ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ እኛ የብር ቁጥር አንጽፍላችሁም። ዛሬ ዐስር ስትወጡ ሰፈራችሁ ካለው ሱቅ የአንድ ተራ ምላጭን ዋጋ ጠይቁ። ከዚያ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የአንድ ካርትሪጅ ጭንቅላት ዋጋ እዩ። ሁለተኛውን ለአንደኛው አካፍሉ። የምታገኙት ቁጥር ከእኛ ጽሑፍ በላይ ይናገራል።

በየ40 ቀኑ፣ ያውም በመጨረሻው ገደብ፣ ለሚያጸዳ ሰው በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ምላጭ ቢጠቀም እንኳ በዓመት የሚያስፈልገው 9 ወይም 10 ምላጭ ነው። አንድ ፓኮ! በየሳምንቱ በአዲስ ምላጭ የሚላጭ ሰው ደግሞ በዓመት 52 ምላጭ ይበቃዋል። የብረቱ እጀታ አንዴ ይገዛል፤ በደንብ ከተያዘ ለልጅ ይወረሳል። ምላጩ ሁለት ጎን ስላለው አንዱ ሲደንዝ ሌላው አለ።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኢስራእ አባካኞችን የሸይጧን ወንድሞች ሲል እንደገለጻቸው እናውቃለን። አንዳንዱ ኢስራፍ ማለት ድግስ ላይ ምግብ መድፋት ብቻ ይመስለዋል። በጥቂት ሳንቲም የሚሠራን ሥራ ለታይታ ብሎ በብዙ እጥፍ መሥራትስ ምንድን ነው? ያ ልዩነት ለእናትህ መድኃኒት፣ ለታናሽህ ደብተር፣ ለየቲም ልጅ እራት ይሆን ነበር። ከዚያም የካርትሪጁ ጭንቅላት ብረት ከፕላስቲክ ከጎማ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ተነጣጥሎ ለሌላ አይውልም። ተጥሎ ይቀራል። ምላጩ ግን ብረት ብቻ ነው።

ይህ እህቶቻችንንም ይመለከታል። ፊጥራው ለሁሉም ነው። ሮዝ ቀለም ስለተቀባ ብቻ ዋጋው የሚጨምረውን መላጫ ባትገዙ ምንም አይቀርባችሁም።

▪️ 6. የሚቀርቡ ሰበቦች

"ይቆርጣል፣ ያስፈራል።" የሚቆርጠው በካርትሪጅ ልማድ እየተጫኑ ሲላጩበት ነው። ደንዛዛ ካርትሪጅ ካልተጫኑት አይሠራም፤ የብረቱ ግን ክብደቱ ራሱ ይሠራል። እጅ እስኪለምድ ጥቂት ሳምንት ይወስዳል። ብስክሌትም እኮ ወድቀን ነው የለመድነው!

"የድሮ ነገር ነው፣ የሽማግሌ ነው።" ሽማግሌ የተጠቀመበት ነገር የሚናቅ ከሆነ ሚስዋክ ምን ሊባል ነው? አባቶቻችን በዚህ ተላጭተው ሶላት ሰግደዋል፣ ነግደዋል፣ ልጅ አሳድገዋል። አላፈሩበትም። ሥልጣኔ ማለት አዲስ ነገር መግዛት ሳይሆን የሚጠቅምህን ከማይጠቅምህ መለየት ነው።

"እሱም የፈረንጅ ፈጠራ ነው።" ነው፤ አልደበቅንም። መሣሪያ ከዓዳ ጉዳይ ነው፤ ጠቃሚውን ከየትም እንወስዳለን። የምንጠይቀው ማን ሠራው የሚለውን ሳይሆን ማንን ጠቀመ የሚለውን ነው።

"እጀታው አይገኝም።" ምላጩ በየሱቁ አለ። እጀታውን መርካቶ ጠይቁ። ከሳዑዲ፣ ከኢማራት፣ ከቱርክ ለሚመጡ ዘመዶቻችን ደግሞ መልእክት አለን፦ በሻንጣችሁ ካርትሪጅ በፓኮ ከምታመጡ አንድ የብረት እጀታ አምጡ። የካርትሪጁ ስጦታ በሁለት ወር ያልቃል፤ የብረቱ ይኖራል። ምላጭ ግን በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባምና በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። በዚህ ረገድ ካርትሪጅ ለመንገደኛ እንደሚመች አንክድም።

"ከዚህ የሚበልጥ የኡማ ጉዳይ የለም?" አለ፤ ሞልቷል። ግን በአንድ ምላጭ ላይ ከማስታወቂያ ተጽዕኖ መላቀቅ ያቃተው ወጣት፣ በትልቁ ጉዳይ ላይ ይላቀቃል ብለን እንዴት እንመን?

▪️ 7. አጠቃቀሙ

ሙስሊም በዘገበው ሐዲስ ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በሁሉም ነገር ላይ ኢሕሳንን እንደደነገገ ነግረውናል፤ ለሚታረድ እንስሳ እንኳ ቢላው እንዲሳል አዝዘዋል። እንስሳ በደነዘ ቢላ እንዳይሠቃይ ከታዘዘ፣ የገዛ ቆዳችንን በደነዘ ምላጭ ማሠቃየት አይገባንም። ስለዚህ፦

🔹 ከታጠባችሁ በኋላ፣ ፀጉሩ በሞቀ ውሃ ሲለሰልስ ጀምሩ። ረዥም ከሆነ መጀመሪያ በመቀስ አሳጥሩት። ሳሙናውን በደንብ አረፋ አድርጉት።

🔹 ቢስሚላህ ብላችሁ በቀኝ ጀምሩ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በመጥራራት ነገር ሁሉ በቀኝ መጀመር ይወዱ ነበር።

🔹 መላጫውን ከቆዳው ወደ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት። አትጫኑት! በአጭር በአጭሩ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ ሳቡት። ወደ ላይ አትገልብጡት፤ ቡግሩን የሚጠራው ይህ ነው።

🔹 በስስ ቦታ ላይ ቆዳውን በቀስታ ወጠር አድርጉ፤ አትቸኩሉ። የቆሰለ ወይም ቡግር ያለበት ቦታ ላይ አትላጩ። ደም ቶሎ የማይቆምለት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ።

🔹 ስትጨርሱ በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ። መላጫውን ፍቱት፣ እጠቡት፣ አድርቁት። ምላጩ መጎተት ሲጀምር ጣሉት።

▪️ 8. የተጣለው ምላጭ

በመጨረሻ፣ ባለ አንድ ምላጩን ስንመክር የምንሸከመው አንድ አማና አለ። ምላጭ ስስና ስለታም ነው። በፌስታል ከቆሻሻ ጋር ከተጣለ የሚቆረጠው ቆሻሻ የሚሰበስበው ወንድማችን ወይም የምትሰበስበው እህታችን እጅ ነው። መንገድ ላይ ከተጣለ የሚቆረጠው በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ነው። ከመንገድ ላይ የሚጎዳን ነገር ማንሳት የኢማን ቅርንጫፍ ከሆነ፣ መንገድ ላይ መጣሉ ምን እንደሚሆን አስቡት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ባዶ የቲማቲም ወይም የወተት ጣሳ አፉን ዝጉና ጎኑ ላይ ምላጭ የምታሾልክ ቀጭን ቀዳዳ አብጁለት። ያገለገለውን ምላጭ ሁሉ እዚያ ክተቱ። ሕፃናት ከማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። ለመሙላት ዓመታት ይፈጅበታል። ሲሞላ ቀዳዳውን ዘግታችሁ፣ ምላጭ መሆኑን በላዩ ላይ ጽፋችሁ ለሰብሳቢዎቹ በእጃቸው ስጡ።

ውድ ወንድሞቻችን! በዚህ ወር አንድ ነገር ብቻ አድርጉ። ቤታችሁ ያለውን የከረመ ካርትሪጅ አውጥታችሁ ጣሉ፤ መላጫ ከማንም ጋር መዋዋስ አቁሙ፤ የየራሳችሁን የብረት መላጫና አንድ ፓኮ ምላጭ ግዙ። የጀመዓ አሚሮችና የዶርም ኃላፊዎች ደግሞ የሄፓታይተሱን ጉዳይ በደዕዋ ፕሮግራማችሁ ላይ አንሱት። ኡድሒያ የምታርዱ ወንድሞች የዙል-ሒጃ ጨረቃ ሳትታይ አስቀድማችሁ ንጽሕናችሁን ጨርሱ፤ ከዚያ በኋላ እስክታርዱ ፀጉርና ጥፍር አይነካምና።

አላህ ከአባካኞች ሳይሆን ከአመስጋኞች ያድርገን። ሰውነታችንንም ልባችንንም ያጥራልን። ኣሚን።

ለዶርም ጓደኛችሁ፣ ለታናሽ ወንድማችሁ፣ ለፀጉር አስተካካያችሁ ሼር አድርጉት።

ወላሁ አዕለም።